ታዘል

ጓደኝነት ሁልጊዜ ከመዋደድ አይጀምርም። አንዳንድ ጊዜ ከችግር ይነሣና መዋደዱ ዘግይቶ ይደርሳል። እኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ከተማ ያገኘሁት ጓደኛ እንዲህ ያለ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ በሕይወት ካለ ታሪኩን የመናገር መብት የእርሱ ነውና።

ገዳሪፍ ከመተማ ማዶ፣ ጋላባትን አልፎ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ የምትገኝ የማሽላና የሰሊጥ ገበያ ናት። በ1977 ዓ.ም. ረኃብና ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ ከሰሜን ኢትዮጵያ ወደዚያ ጐረፈ፤ ኡም ራኩባንና ተዋዋን የመሳሰሉ ሠፈሮች በስደተኛ ተሞሉ። እናቴና እኔም ከእነዚያ መካከል ነበርን። እናቴ ከጭነት መኪናዎች ማቆሚያ አጠገብ ቡና እያፈላች ትሸጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጐኗ ተቀምጬ ሳንቲም እቀበላለሁ።

ግራ እግሬ በሕፃንነቴ በፖሊዮ ሰልሏል። ፖሊዮ በተበከለ ውሃና ምግብ አማካይነት በአፍ የሚገባ ተሐዋሲ ነው፤ ጡንቻን የሚያዝዙትን የአከርካሪ ነርቮች ይገድላል፤ የስሜት ነርቮችን ግን አይነካም። ስለዚህ እግሬ አይታዘዘኝም እንጂ እሾህ ሲወጋው ያመኛል። ክትባቱ በ1947 ዓ.ም. በዓለም ቢታወቅም፣ በአገራችን የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ለእኔ ዘገየ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፍሪካ ከዱሩ የፖሊዮ ተሐዋሲ ነፃ መሆኗ ሲታወጅ፣ ዜናውን እየሰማሁ ሳላስበው እግሬን ስዳብስ ነበር።

ልጁ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ቤት የለውም፤ የሚያድረው ከመኪናዎቹ ሥር ነው። እንዲህ ያሉትን ልጆች ሱዳኖች «ሸማሳ» ይሏቸዋል፤ ቃሉ ፀሐይ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የወጣ ነው። ከቤድፎርድ መኪኖች ቤንዚን እየቀዳ፣ ጨርቅ እየነከረ ይስባል። በእስትንፋስ የገባ ቤንዚን ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ለመድረስ ጥቂት ሴኮንዶች ይበቁታል። ረኃብንና ብርድን ያስረሳል፤ አንጎልን ይጐዳል፤ ልብንም በድንገት ሊያቆም ይችላል። በዚያን ዘመን ደግሞ ነርቭን የሚመርዝ እርሳስ ይጨመርበት ነበር፤ እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ገበያ ፈጽሞ የጠፋው ገና በ2013 ዓ.ም. ነው።

ሁለታችንም የተጐዳነው በነርቭ ነበር። ይሁን እንጂ ሰው ለእኔ «ምስኪን» እያለ ሳንቲም ሲወረውር፣ ለእርሱ የሚወረውረው ድንጋይ ነበር። እርሱ ይህን ያውቃል፤ እኔንም በዚህ ምክንያት አይወደኝም ነበር። በገበያው መካከል አካሄዴን እየቀዳ ሲያነክስ ሾፌሮች ይሥቃሉ።

የገዳሪፍ መሬት ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ግን፣ እነርሱ «ኸሪፍ» በሚሉት ወራት፣ ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ ይሆናል። ኸሪፉ በገባ ሰሞን አንድ ቀን ከእናቴ ጐን ተቀምጬ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ ምርኩዜ የለም። ከሰል ሻጩ አይቶት ኖሮ ነገረን፤ ልጁ ወስዶ ለቤንዚን መግዣ ሸጦታል።

በማግሥቱ ማለዳ ዐይኑ ደም መስሎ መጣ። እናቴ የከሰል መቆስቆሻውን አነሣች። እርሱ ግን አልሸሸም፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጢጥ አለና እናቶች ለሕፃናት ሲሉ የሰማትን አንዲት የአማርኛ ቃል ተናገረ።

«ታዘል።»

ታዘልሁ። ይቅር ብዬው አልነበረም፤ ትምህርት ቤት መድረስ ስለ ነበረብኝ ነው። ጭቃው ደግሞ ምርኩዝ ቢኖረኝም የሚያስኬድ አልነበረም።

ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ወስዶ ማታ ይመልሰኝ ጀመር። ቤንዚን የሳበ ቀን ይንገዳገዳል። በሁለተኛው ሳምንት ተያይዘን ወደቅን፤ ደብተሬ ጭቃ ጠጣ። «ሰክረህ አልታዘልም» ብዬ በዝናብ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሰድቦኝ ሄደ። እኔ መነሣት አልችልም፤ እርሱም ይህን ያውቃል። ከብዙ ሰዓት በኋላ ስካሩ በርዶለት ተመለሰ፤ አንድም ቃል ሳይናገር ቁጢጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ ጨርቁን የሚያነሣው ማታ እኔን ካደረሰ በኋላ ሆነ። ተወው ማለት አልችልም፤ ሰዓቱን ገፋው እንጂ። መግፋቱም ቀላል አልነበረም፤ ራሱን ያመዋል፣ ያልበዋል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል። እናቴ በመጀመሪያ ሲኒ አታስነካውም ነበር፤ ኋላ ግን ቂጣ ከድና ታስቀምጥለት ጀመር። እርሱም «ኻልቲ»፣ አክስቴ፣ ይላት ነበር።

ኸሪፉ ሳያልቅ ዐናጢው አዲስ ምርኩዝ ከግራር ሠርቶ አመጣልን። እናቴ ተቀብላ ከጎጆው ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። «ጭቃው ይድረቅ» አለች። እኔም ዝም አልሁ። ምርኩዙን ብይዝ ልጁ ጠዋት ጠዋት የሚነሣበት ምክንያት ምን ይሆናል? ይህን እርስ በርሳችን አልተነጋገርንም።

አንድ ቀን ከዝናብ ሊጠለል ሲገባ አየው። ቀና ብሎ ብዙ ተመለከተው፤ በላዩ ያለውን አቧራ በጣቱ ጠረገ።

«አንተ ሐበሻ፣ ይኸ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?»

«ልጄ፣ ጭቃው እስኪደርቅ ነው» አለችው እናቴ።

እኔን አየ፤ እርሷን አየ። ከዚያም ቁጢጥ አለ።

«ታዘል።»

በኋላ አንድ ሾፌር ረዳት አድርጎ ቀጠረው። በ1983 ዓ.ም. ወደ አገራችን ስንመለስ እስከ ጋላባት ያደረሰን እርሱ የሚሠራበት መኪና ነበር። ምርኩዜ በእጄ ሳለ ከመኪናው በጀርባው አወረደኝ፤ ከመተማ ጋር እስከሚያገናኘው ድልድይ ድረስም ተሸከመኝ። አንገቱ ቤንዚን ይሸታል።

ድልድዩን እንደ ተሻገርን እናቴ ቀስ ብላ «ሸተተህ?» አለችኝ።

«የሥራው ይሆናል» አልኋት።

የመኪና ረዳት መቼም ቤንዚን ይሸታል። ከዚህ የተለየ ነገር ለማወቅ አልተቻለንም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲጀመር፣ ብዙ ሺህ ሰዎች በዚያው በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሰደዱ። የአሁኑ መንገድ የእኛ መንገድ ግልባጭ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከገዳሪፍ የመጣ የጭነት መኪና ሰው ባገኘሁ ቁጥር፣ «ታዘል» የሚል የአማርኛ ቃል የሚያውቅ፣ በዕድሜ የገፋ ሾፌር ወይም ረዳት አይቶ እንደ ሆነ እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ ቃሉን ደግመው እንድናገረው ይጠይቁኛል፤ እኔም እደግምላቸዋለሁ።