ዋልያ ስህተት ነው ተባለ

የእህቴ ልጅ ዛሬ የአካባቢ ሳይንስ ፈተናውን ይዞ መጣ። ጥያቄው «ሁለት የዱር እንስሳት ጥቀስ» ይላል። ልጁ «ዋልያ እና ጭላዳ» ብሎ ጽፏል። ሁለቱም ላይ በቀይ እስክርቢቶ ኤክስ! «ምነው?» ስለው «ደብተር ላይ ያጻፉን አንበሳና ዝሆን ነው» አለኝ።

ኧረግ! ይህ ልጅ እኮ ክረምቱን አያቶቹ ጋ በግ ሲጠብቅ የሚከርም ነው። ጭላዳ ገደል ላይ አድሮ ረፋዱን ሜዳ ወጥቶ ሣር ሲነጭ፣ ወንዱ ሲቆጣ ከንፈሩን ሲገለብጥ፣ ከእኔም ከእናንተም በላይ ያውቃል። ስሜን ላይ ጨነቅ የወጣችሁ ምስክር ናችሁ። ዋልያ ደግሞ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም የለም። ብሔራዊ ቡድናችን ራሱ «ዋልያዎቹ» ነው፤ ዝሆኖቹ ኮትዲቯሮች ናቸው። (ውጤቱን ተዉት፣ ዛሬ ስለ እሱ አናወራም።)

በክልላችን በአማራ በሚሊዮን የሚቆጠር ልጅ ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኖ ሳለ አንተ ስለ ኤክስ ታወራለህ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ግን ተናድጃለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ አበባ ያላችሁት የማስተማሪያ ዘዴ ሲነሳ ሞንቴሶሪ ሞንቴሶሪ ስትሉ ነበር። ልጁ የሚሠራውን ራሱ ይመርጣል፣ መምህሯ ዳር ሆና ታያለች፣ ክፍያው የቤት ኪራይ ያህላል። ዘዴውን የጀመረችው ማሪያ ሞንቴሶሪ ግን በ1907 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ቤት የከፈተችው ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ የሚባል የድሃ ሰፈር ነው። ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ግድግዳ እያቆሸሹ ያስቸገሩ ልጆችን ሰብስባ! ይህን ለመምህር ጓደኛዬ ብነግረው ሳቀብኝ። «ምርጫ? እኔ ስም ጠርቼ ስጨርስ ክፍለ ጊዜው ያልቃል» አለኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ምናምን ልጅ አለው።

ደግሞ እኛም እኮ በ1986 ዓ.ም.ቱ የትምህርት ፖሊሲ «ተማሪ ተኮር» ከተባልን ቆየን። ተማሪ በአንድ መሪ ሥር የሚቧደንበትን አንድ ለአምስትን ታስታውሳላችሁ? እኔ የቡድን መሪ ነበርሁ፤ ማለትም ሥራውን ሁሉ የምሠራው እኔ ነበርሁ። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ እርሳስ ይቀርጻል፣ አንዷ የእኔን ትገለብጣለች፣ ከዚያ ለሁላችንም እኩል ከአሥር ስምንት! ሱፐርቫይዘሩ የሚመጣ ቀን ዴስኩ ክብ ይሆናል፣ «ተወያዩ!» እንባላለን፣ እኛም ከንፈራችንን እናንቀሳቅሳለን። የሞተር ሳይክሉ ድምፅ ሲርቅ ዴስኩ ወደ ቦታው፣ ፊታችንም ወደ ጥቁር ሰሌዳው። ያ የተኛው ልጅ ዛሬ ባለሥልጣን ነው፤ ይህን ካነበብህ ሁለት የቡድን ሥራ አለብህ።

እና ልጅ በራሱ ፍጥነት ይማር የሚለውን ከሮም አልሰማነውም። ቄስ ትምህርት ቤት፣ የኔታ ግቢ የገባ ያውቀዋል። አንዱ ሀሁ ይቆጥራል፣ አንዱ አቡጊዳ ላይ ነው፣ ወዲያ ማዶ ያለው ዳዊት ይደግማል። ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ የበሰለው ጀማሪውን ያስቀጽላል። ቅኔ ቤት ከገባማ ልጁ ጥግ ይዞ ለብቻው ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል፤ የሰው ቅኔ ደግሞ መናገር ነውር ነው። ደብተር ላይ ያለውን ገልብጥ የሚለው የለም። አለንጋውን ግን አልናፍቅም፤ አባቴ እያሳቀ ሲያወራው እንኳ ጀርባውን ያክ ነበር። ምን ልማር ብሎ የሚመርጥም አልነበረም፤ ሥርዓቱ ከጥንት የተቀመጠ ነው። የኔታ ግን እያንዳንዱን ልጅ ከፊታቸው አስቀምጠው ንባቡን በጆሯቸው ይሰማሉ። ማን የት እንደቆመ ያውቃሉ። አዲስ አበባ ያ ሁሉ ብር የሚከፈለውም፣ ሌላውን ጌጥ ብትተዉት፣ ለዚሁ ነው።

ጓደኛዬን ግን ስልሳ ልጅ አሸክሞ «ተማሪ ተኮር ሁን» የሚለው ሰው መጀመሪያ ራሱ መጥቶ ስልሳዎቹን በስማቸው ይጥራልኝ። ከዚያ እንከራከራለን። ደከመኝ፣ ደህና እደሩ።