የአባቴ ሥራና የሚመጣው ዝናም

የሰው ልጅ ወደ ቤቱ ስለሚገባው ነገር አጥብቆ ሲያስብ፥ ከቤቱ ስለሚወጣው ግን ቶሎ ይረሳል። የምንጠጣው ውኃ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ የታጠብንበት ውኃ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ እንድጠይቅ ያደረገኝ የአባቴ ሥራ ነው። አባቴ የመጸዳጃ ቤት ጒድጓድ የሚመጥ መኪና ሾፌር ናቸው። ይህን በመጽሔታችን ላይ ሲያነቡ አፍንጫቸውን ይዘው የሚስቁ ጓደኞች እንደማይጠፉ ዐውቃለሁ። ቢሆንም ሥራ ሁሉ ክቡር መሆኑን መምህሮቻችን ስላስተማሩን፥ እኔም ስለማምንበት፥ ሳላፍር ጽፌዋለሁ።

በአዲስ አበባ አብዛኛው ቤት ከፍሳሽ ቧንቧ ጋር የተገናኘ አይደለም። ስለዚህ ጒድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል፤ መኪናውም የመጠጠውን ወስዶ ለዚሁ በተዘጋጀ ስፍራ ይደፋል። በቧንቧ የተገናኘው ቤት ፍሳሽ ደግሞ በቁልቁለቱ እየወረደ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ከማጣሪያዎቹ ዋናው በቃሊቲ የሚገኘው ሲሆን፥ በቅርብ ዓመታት ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል ተሠርቷል። በዚያ ሥራውን የሚሠሩት በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን ናቸው፤ ቆሻሻውን እየበሉ ውኃውን ያጠሩታል።

በክረምት አባቴ ዕረፍት የላቸውም። መሬቱ ውኃ ሲጠግብ ጒድጓዱ ከውጭም ከውስጥም ይሞላል፤ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ከባዱ መኪና ወደ ሰፈር መግባት ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሰው «ጐርፍ ይውሰደው» ብሎ ጒድጓዱን በሌሊት ከፍቶ ይለቀዋል። ጐርፉም ይወስደዋል፤ ነገር ግን የትም አያጠፋውም። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከተማውን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳሉ፥ ከዚያም ከአዋሽ ይቀላቀላሉ። በወንዞቹ ዳር ጎመንና ሰላጣ በዚያው ውኃ ይለማል፤ ተመልሶም ወደ ገበያችን ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት ከተማችንን ባስጨነቀ ጊዜ፥ የበሽታው መንገድ የተበከለ ውኃና ምግብ መሆኑ በየሬዲዮው ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል።

አንድ ማታ አባቴ በዝናም ርሰው ሲገቡ «አባባ፥ ክረምቱ ከድሮው ብሷል ወይስ ለእኔ ነው የሚመስለኝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ ዝናሙ ቀኑን አሳጥሮ ጒልበቱን ጨምሯል። ቀድሞ ሲያካፋ ይውል የነበረው ዛሬ በአንድ ሰዓት ይወርዳል» አሉኝ። በርግጥ የአንድ ሾፌር አስተያየት ብቻውን ሳይንስ አይባልም። ዳሩ ግን አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ከቀድሞው 7 ከመቶ ያህል የበለጠ እንፋሎት ሊሸከም እንደሚችል የፊዚክስ ትምህርት ያስረዳናል። የዓለም ሙቀት ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው ከአንድ ዲግሪ በላይ ጨምሯል። ስለዚህ ዝናም ሲመጣ በኀይል መምጣቱ አያስገርምም።

የአየር ጠባይ ለውጥ የፍሳሽን ሥራ በብዙ መንገድ ያውከዋል። አንደኛ፥ ፍሳሽ በራሱ ክብደት ቁልቁል እንዲወርድ ስለሚፈለግ ማጣሪያዎች የሚሠሩት በዝቅተኛ ስፍራ፥ ብዙ ጊዜም በወንዝ ወይም በባሕር ዳር ነው፤ ጐርፍ ሲነሣ ቀድሞ የሚያገኘው እነርሱን ነው። ሁለተኛ፥ የዝናም ውኃ ወደ ፍሳሽ ቧንቧ ሲገባ ቧንቧው ከልኩ በላይ ይሞላል፤ የማንሆሉ ክዳን ይነሣል፤ በማጣሪያው ያሉትንም ተሕዋስያን ጐርፉ ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ሦስተኛ፥ ድርቅና ሙቀት ሲበረታ ፍሳሹ ይወፍርና ይዘገያል፤ በዚያን ጊዜ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል፤ ይኸው ጋዝ ወደ አሲድ ተለውጦ የሲሚንቶውን ቧንቧ ይበላዋል። አራተኛ፥ መብራት ሲጠፋ ፓምፕ ይቆማል፤ ፍሳሹ ግን አይቆምም።

ታዲያ አንድ የሕዝብ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሁሉ እንዴት ይዘጋጅ? በዚህ ረገድ ሌሎች ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒው ዮርክን በመታ ጊዜ ከከተማው 14 ማጣሪያዎች 10ሩ ተጎዱ ወይም ሥራቸው ተሰናከለ። በሚከተለው ዓመት መሥሪያ ቤቱ 14ቱን ማጣሪያና 96ቱን የፓምፕ ጣቢያ አንድ በአንድ መረመረ። የጠየቀውም ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ውኃው እስከምን ይደርሳል? በዚያ ከፍታ ላይ የትኛው ሞተር፥ የትኛው የኤሌክትሪክ ሳጥን ይገኛል? ያ ዕቃ ቢጠልቅ ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ከፍ ለማድረግ ወይም ውኃ እንዳይገባው ለማሸግስ ስንት ገንዘብ ይፈጃል? እንዲህ ተደርጎ ሲመዘን ቀድሞ መጠንቀቅ ከጥፋት በኋላ ከመጠገን እጅግ እንደሚረክስ ታየ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይኸንኑ ነው።

ቦስተን ግን ማዕበል አልጠበቀችም። በዚያ ዲር አይላንድ የተባለው ማጣሪያ ሲነደፍ፥ ወደ ፊት የባሕሩ ወለል ከፍ እንደሚል ታስቦ፥ አስቀድሞ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ምክንያቱም የተጣራው ውኃ በራሱ ኀይል ወደ ባሕር እንዲወርድ ነው። እኛ ባሕር የለንም፤ ነገር ግን በክረምት የሚሞላ ወንዝ አለን። አንድ ቧንቧ ዛሬ ቢቀበር ከ50 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላልና፥ ልኩን መወሰን ያለብን በአያቶቻችን ዘመን ዝናም ሳይሆን የልጆቻችን ቤት በሚያገኘው ዝናም ነው።

ድርቅን በተመለከተ ደግሞ የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ምሳሌ ትሆነናለች። ከተማይቱ በደረቅ ምድር ላይ ስለ ሆነች እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ፍሳሽን እጅግ አጥርታ ወደ መጠጥ ውኃነት ስትመልስ ኖራለች። እኛ እስከዚያ ባንደርስም በደንብ የተጣራ ውኃ ለአትክልት ቢውል፥ በአቃቂ ዳር ያለው ገበሬ በበጋ አይቸገርም፤ የሚበላውም ሰው አይታመምም።

እኔ በበኩሌ ለከተማችን የሚበጅ የምለው ይህ ነው። ከሁሉ በፊት እያንዳንዱ ቧንቧ፥ ፓምፕና ማድረቂያ ስፍራ ከነከፍታው ይመዝገብ። ቀጥሎ፥ ዝናሙ ቢጨምርም ባይጨምርም የሚጠቅመው ሥራ ይቅደም፤ ይኸውም ከክረምት በፊት መስመሮችን መጥረግ፥ ጒድጓዶችን በበጋ ማስመጠጥ፥ ለፓምፖች ጄኔሬተር ማዘጋጀት ነው። ከዝቃጩ የሚወጣው ሚቴን አየሩን ከሚያሞቅ ተይዞ ለኀይል ቢውል ሁለት ጥቅም ይሰጣል። ከባዱና ውዱ ግንባታ በደረጃ ይሠራ፤ ዕቅዱም በየጥቂት ዓመቱ ከተለካው ዝናም ጋር እየተያየ ይታረም። ደግሞም መሐንዲሶች ካርታቸውን ሲዘረጉ ሾፌሮችንና የመስመር ሠራተኞችን አስቀምጠው ይጠይቁ። የትኛው መንገድ ቀድሞ እንደሚጥለቀለቅ፥ የትኛው ማንሆል በየዓመቱ እንደሚነሣ፥ የትኛው ሰፈር በክረምት እንደሚዘጋ አባቴ በቃላቸው ያውቁታል፤ ይህ ዕውቀት ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም። እርሳቸው ጡረታ በወጡ ቀን አብሮ ይወጣል ብዬ እሰጋለሁ።

የቀረው ድርሻ የእኛ ነው። በከተማችን የፍሳሹ ቧንቧና የዝናሙ ቦይ እንዲለያዩ ታስቦ ሳለ፥ ብዙ ቤተ ሰብ የጣሪያውን አሸንዳ ከፍሳሹ ቧንቧ ጋር ያገናኛል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ባለፈው የበጋ ዕረፍት በሰፈራችን ያሉትን ቤቶች ዞረን አሸንዳቸው ወዴት እንደሚወርድ ጠየቅን። አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን ከዚያ በፊት አስበውበት እንደማያውቁ ነገሩን፤ ሁለቱ ግን በሳምንቱ አሸንዳውን ወደ ቦዩ አዞሩት። ሁለት ቤት ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏል።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፥ ክቡራን ወላጆችም፥ ክረምቱ ሳይገባ አሸንዳችሁን ተመልከቱ፤ ፌስታልና ጨርቅ ወደ መጸዳጃ ቤት አትጣሉ፤ የሞላ ጒድጓድም ለጐርፍ አትስጡ። በዝናም መካከል ያ ሽታው የሚያስሸሽ መኪና በደጃችሁ ሲያልፍ ብታዩ፥ ከኋላው የሚወርደው ውኃ የሌላ ሰው ልጅ የሚጠጣው ወይም የሚታጠብበት ውኃ መሆኑን አስታውሱ፤ ሾፌሩንም «እግዚአብሔር ያበርታዎ» በሏቸው።