የፒክአፑ ወለል

የጭነት መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚመረምረው ሞተሩን ነው፤ ቀጥሎም ጎማውን ያያል። ጭነቱ የሚያርፍበትን ወለል ጎንበስ ብሎ ከሥሩ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። በትናንሽ ፒክአፖች ላይ ይህ ወለል አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም የማይርቅ ላሜራ ነው።

ከመቂ ወደ አዲስ አበባ ሽንኩርት ያመላልስ የነበረ አንድ አሮጌ ፒክአፕ የተጎዳው በዚሁ ክፍሉ ነበር። ጆንያ በተጫነበት ቁጥር ወለሉ ይረግባል፤ ጭነቱ ሲራገፍ ደግሞ እንደ ጣሳ ክዳን ድው ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ብረት ደጋግሞ ሲጎብጥና ሲቃና ይደክማልና፣ ላሜራው በተያያዘባቸው ነጥቦች ዙሪያ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ ጭቃና ውኃ ገባ፤ ዝገትም ተከተለ። ባለመኪናው ለረጅም ጊዜ ነገሩን በቸልታ አልፎት ነበር። ይሁን እንጂ ከጆንያው በላይ ሁለት ጫኝና አውራጆች ተቀምጠው ይጓዙ ስለ ነበር፣ የወለሉ ነገር የሽንኩርት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

በመጨረሻ መኪናውን ሞጆ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰደው። በያጁ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ።

«ጋሼ፣ ከላዩ የሦስት ሚሊሜትር ላሜራ ይነጠፍበትና ዙሪያውን ይበየድ፤ በዚሁ ይለቅልኝ» አላቸው።

«ልጄ፣ የበሰበሰ ጨርቅ ላይ አዲስ ጨርቅ ቢሰፉ ክሩ ምን ይይዛል?» ሲሉ መለሱለት።

ሽማግሌው ትክክል ነበሩ። ብየዳ የሚጠነክረው በሁለት ወገን ጤነኛ ብረት ሲያገኝ ነው፤ የዛገ ላሜራ ግን እሳቱ ሲነካው ይበሳል። በሁለቱ ላሜራዎች መካከል የሚገባው ውኃም መውጫ ስለማያገኝ ዝገቱ ከዓይን ተሰውሮ ይቀጥላል። ክብደቱም ቀላል አይደለም። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ወደ 8 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ለሦስት ካሬ ሜትር ወለል የሦስት ሚሊሜትር ላሜራ ማንጠፍ መኪናው ላይ 70 ኪሎ ግራም ያህል መጨመር ነው።

የብረት ብርታት በውፍረቱ ብቻ አይለካም። ዝርግ ቆርቆሮ በሁለት ጫፉ ቢያነሡት መሃሉ ይጎብጣል፤ ያው ቆርቆሮ ሞገድ ሲወጣለት ግን የቤት ክዳን ሆኖ ሰው ይሸከማል። በያጁም የዛገውን ክፍል ቆርጠው በአዲስ ላሜራ ከተኩ በኋላ፣ ከሁለት ሚሊሜትር ላሜራ እንደ ባርኔጣ የታጠፉ አራት አግዳሚዎችን ከወለሉ ሥር አስገቡ። አራቱ በአንድነት ከ16 ኪሎ ግራም አልበለጡም። ከሻንሲው ጋር ያያያዟቸው ግን በብየዳ ሳይሆን፣ መካከሉ ጎማ በገባበት ቡሎን ነበር፤ ሻንሲ በሻካራ መንገድ ላይ ጥቂት ስለሚጠማዘዝ፣ ፈጽሞ የማይላወስ ነገር ቢጣበቅበት ስንጥቁ ሌላ ቦታ ይነሣል። (ላሜራም ቡሎንም ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ቃላት ናቸው።)

መኪና ጋራዥ ቆሞ አይቶ የማያውቅ ሰው ሥራው እሳት መለኮስ ብቻ ይመስለዋል። ከእሳቱ በፊት የነበረው ዝግጅት ግን ግማሽ ቀን ፈጀ። የባትሪው ገመድ ተፈታ። ከወለሉ ሥር የነበረው የቤንዚን ታንክ ወርዶ ከጋራዡ ውጭ ርቆ ተቀመጠ። ባለመኪናው «ባዶ ነው እኮ» ቢልም ሽማግሌው አልሰሙትም፤ ባዶ ታንክ ከሙሉው የባሰ ያሰጋልና። በውስጡ የቀረው የቤንዚን ተን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ አንዲት ፍንጣሪ ብትነካው ይፈነዳል። ያገለገለ የነዳጅ በርሜል ሳያጥቡ በእሳት መቁረጥም ሰው የሚገድለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ብየዳው ሲጀመር ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በአንድ ጊዜ አልተሳበም። ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ይበየድና ይታለፋል፤ ቀጥሎ በሌላው ማዕዘን ይነካል፤ የመጀመሪያው እስኪቀዘቅዝም ይጠበቃል። የጋለ ብረት ሲሰፋ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ስለሚያፍነው፣ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ስሱን ላሜራ ያጣምመዋል። ይህን አዘገጋግ ወጣቱ ረዳት አልወደደውም። ትዕግሥት አጥቶ ያለ መከላከያ መስተዋት ብልጭታውን ሲመለከት ሽማግሌው አንገቱን ይዘው አዞሩት። የብየዳ ብርሃን ዓይንን የሚያቃጥለው ወዲያው ሳይሰማ ነው፤ ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ፣ አሸዋ የገባበት ያህል እየቆረቆረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው።

በማግሥቱ የተበየደው ሁሉ ተፋቀ፤ ከላይም ከሥርም ፀረ ዝገት ቀለም ተቀባ፤ ታንኩም ተመልሶ ታሰረ። ሦስት ሰዎች ወለሉ ላይ ወጥተው ቢዘሉበት የድሮው ድውታ አልተሰማም።

«ወለሉ ሽንኩርቱን ይችላል» አሉ በያጁ። «ልጆቹን ግን ከጆንያ በላይ አታስቀምጥ። መኪናው ድንገት ፍሬን ቢይዝ የኔ አግዳሚ አያድናቸውም።»

ባለመኪናው ሒሳቡን ከፍሎ ቁልፉን ተቀበለ። እሺም እምቢም አላለም።