ስድስት ቀን በእንግሊዝ አገር ቦይ ላይ

የሁለት ወር የቤት ኪራይ ዕዳ ያለበት ሰው አከራዩን በደረጃ ላይ ሲያገኝ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር፥ አንባቢ ሆይ፥ ደርሶብህ እንደ ሆነ ታውቀዋለህ። እኔ በበርሚንግሃም ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በነበርሁበት ጊዜ ይኸው ደርሶብኛል። አበሌ በወሩ መጀመሪያ ገብቶ በወሩ እኩሌታ ያልቃል፤ የቀረው ሁለት ሳምንት በብድርና በሻይ ይታለፋል።

አከራዬ ሚስታቸው የሞቱባቸው፥ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አቆሙኝና ያልጠበቅሁትን ነገር ነገሩኝ። «ጀልባዬን ሸጫለሁ። ስቶክ ብሩርን ወደሚባለው መንደር ወስጄ ለገዢው ማስረከብ አለብኝ፤ ጉልበቴ ግን የውሃውን በር መግፋት አልቻለም። ስድስት ቀን ብታግዘኝ የአንዱን ወር ኪራይ እተውልሃለሁ» አሉኝ። ዋና አለማወቄን እንኳ ሳልነግራቸው እሺ አልሁ።

ቦይ ሲባል በእኛ አገር የሚታሰበው መስኖ ነው። የእንግሊዞች ቦይ ግን ጀልባ እንዲሄድበት በሰው እጅ የተቆፈረ የውሃ መንገድ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1761 የብሪጅዎተር መስፍን ከወርስሊ ማዕድናቸው ወደ ማንቸስተር የድንጋይ ከሰል የሚጓጓዝበትን ቦይ ካስከፈቱ ወዲህ፥ ሌሎችም እየተከተሉ አገሩን በቦይ አያያዙት። ፈረስ በጀርባው የማይሸከመውን ጭነት በውሃ ላይ ሲሆን በቀላሉ ይጎትተዋልና። በኋላ ባቡርና የጭነት መኪና ሥራውን ነጠቁት፤ ከ1962 እስከ 1963 የነበረው ብርቱ የበረዶ ወራትም ቦዮቹን ለብዙ ሳምንታት ዘግቶ ከተረፈው የጭነት ንግድ አብዛኛውን ጨረሰው። ዛሬ በጀልባዎቹ ላይ የሚታዩት ሽርሽረኞችና መኖሪያቸውን በውሃ ላይ ያደረጉ ሰዎች ናቸው።

የእኛ ጀልባ ወርዷ ሁለት ሜትር ከዐሥር ሳንቲሜትር ያህል፥ ርዝመቷ ግን ዐሥራ ሰባት ሜትር ነበር። አልጋው፥ ወጥ ቤቱና የከሰል ምድጃው እንደ ባቡር ፉርጎ በተርታ ተደርድረዋል። ከፍተኛው የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያው ቀን ውሻቸውን ይዘው በቦዩ ዳር የሚሄዱ አንዲት አሮጊት ሰላምታ ሰጥተውን ቀድመውን ሄዱ።

ቦዩ ኮረብታ ሲያጋጥመው የሚወጣውና የሚወርደው «ሎክ» በሚባል ሥራ ነው፤ ይኸውም በፊትና በኋላ በር ያለው ጥልቅ የግንብ ጉድጓድ ነው። ለመውረድ ጀልባዋ ውሃ ወደ ሞላበት ሎክ ትገባለች፤ የኋላው በር ይዘጋል፤ ከዚያ በእጅ በሚዞር ብረት የፊተኛው በር የውሃ መስኮት ይከፈታል። ውሃው ሲጎድል ጀልባዋ አብራ ትወርዳለች። ውሃው ከታችኛው ቦይ ጋር እስኪተካከል ድረስ በሩን ዐሥር ሰው ቢገፋው አይነቃነቅም፤ ከተካከለ በኋላ ግን አንድ ሰው በወገቡ ተደግፎ ይከፍተዋል። አደጋው ያለው ከኋላው በር ሥር ነው። እዚያ በውሃ የተሸፈነ የድንጋይ ደፍ አለ፤ የጀልባዋ ጅራት በደፉ ላይ ከቀረ፥ ውሃው ሲጎድል አፍንጫዋ ይወርድና ጅራቷ ተሰቅሎ ልትሰጥም ትችላለች። ስለዚህ ሽማግሌው መሪውን ሲይዙ እኔ ከላይ ሆኜ ዐይኔን ከደፉ አላነሣም ነበር። ማክሰኞ ዕለት በሃተን ኮረብታ ላይ እንዲህ ያሉ 21 ሎኮች ተራ በተራ ወርደን ዎሪክ ስንደርስ መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ «ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ» በሚባለው የቦይ ዳር መጠጥ ቤት ገብቼ አስተናጋጅ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥሁ። በእንግሊዝ መጠጥ ቤት ግን ሰው ራሱ ወደ ባንኮኒው ሄዶ አዝዞ ከፍሎ ይመለሳል እንጂ ማንም አይመጣለትም። ሽማግሌው ይህን በሣቅ ካስረዱኝ በኋላ ጥሩ መጠጥ ቤት የሚታወቅበትን ምልክት አስተማሩኝ። ከደጁ ጭስ የሚወጣቸው ጀልባዎች ታስረው ካየህ ግባ፤ በውሃ ላይ የሚኖር ሰው በከንቱ ገንዘቡን አይበትንምና። ከምድጃው አጠገብ ውሻ የተኛበት ቤት ደግ ነው። የምግቡ ዝርዝር ከአንድ ገጽ ከበለጠ ተጠራጠር። ከሁሉ አስቀድመህ ወጥ ቤቱ የሚዘጋበትን ሰዓት ጠይቅ፤ በጀልባ የሚጓዝ ሰው ረፈደብኝ ብሎ መሮጥ አይችልም። እኔም በረቡዕ ጾም ያገኘሁትን አንድ ልጨምር፤ የድንች ጥብስ የጾም ይመስላል፥ ነገር ግን በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉና ሳትጠይቅ አትብላ።

ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። በዚያ አገር ባልንጀሮች መጠጥ የሚገዙት በተራ ነው። እርሳቸው አንድ ጊዜ ከገዙ ቀጣዩ የእኔ ነው። በኪሴ ለሳምንቱ የቀረችኝ 20 ፓውንድ ስለ ነበረች፥ ተራዬ ሲደርስ ውሃ ይበቃኛል እያልሁ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። እርሳቸውም አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ።

ሐሙስ ሲዘንብ ስለ ዋለ ቀደም ብለን ቆምን። የጀልባዋ መብራት ከባትሪ የሚገኝ 12 ቮልት ነው፤ ባትሪውን የሚሞሉት ሞተሩና በጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ናቸው። ሌሊት ግን ወጪ እንጂ ገቢ የለም። እኔ ለመምህሬ የማስረክበው ጽሑፍ ስለ ነበረብኝ፥ ሽማግሌው ከተኙ በኋላ ኮምፒዩተሬን ኤሌክትሪኩን ወደ 230 ቮልት በሚለውጠው ኢንቨርተር ላይ ሰካሁ፤ ስልኬንም አከልሁ። እንቅልፍ ሲታገለኝ ጋዙን ለመለኮስ ሰንፌ፥ ወደብ ላይ ብቻ የምታገለግለውን የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ሦስት ጊዜ አፈላሁባት።

ሊነጋጋ ሲል ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። መብራት የለም። የቧንቧው ፓምፕ በባትሪ የሚሠራ ነውና ውሃም የለም። የሽማግሌው የኢንሱሊን መድኃኒት ያለበት ማቀዝቀዣ ጸጥ ብሏል። በጀልበኞች ሥርዓት በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት በፊት ጎረቤት እያለ ሞተር ማስነሣት ነውር ስለ ሆነ፥ ሁለት ሰዓት ሙሉ በብርድና በጨለማ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። እርሳቸው ግን «መድኃኒቱ ለጥቂት ሰዓት ምንም አይሆንም» ብለው የእጅ ባትሪ አብርተው፥ በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ሒሳብ ይጽፉ ጀመር።

«ማንቆርቆሪያዋ 2,000 ዋት ናት። ለ12 ብታካፍለው 167 አምፔር ያህል ነው፤ የእኔን መብራቶች ሁሉ በአንድነት ብታበራ የዚህን ዐሥረኛ አይፈጁም። ባትሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ 110 አምፔር-ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። የተጻፈውን አትመን፤ ያንተ ግማሹ ብቻ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ይሞታል። ሲሞላ 12.7 ቮልት ያሳይሃል፤ 12.2 ሲደርስ እጅህን ሰብስብ።» መለኪያው 11.3 ያሳይ ነበር። ስለ ባትሪ የተነገረውን ስሰማ የማስበው ስለ አበሌ ነበርና አንገቴን ደፋሁ።

2 ሰዓት ሲሆን ሽማግሌው ቁልፉን ጠመዘዙ። ሞተሩ አይነሣም ብዬ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ተነሣ። መገረሜን አይተው «የሞተር ማስነሻው ባትሪ ለብቻው ነው። እርሱን ለማንም አላበድርም፤ ለራሴም ቢሆን» አሉኝ።

ቅዳሜ በብሊስዎርዝ ዋሻ አለፍን፤ ርዝመቱ 2,813 ሜትር ሲሆን፥ በ1805 ተከፍቶ በጥንት ጊዜ ሰዎች በጀርባቸው ተኝተው ግድግዳውን በእግራቸው እየረገጡ ጀልባ ያሳልፉበት ነበር። ከዋሻው ማዶ ስቶክ ብሩርን አለ፤ ከሎኩ ዳርም «ቦት ኢን» የሚባል የሣር ክዳን ያለው መጠጥ ቤት። ገዢው እስኪመጣ እዚያ ገባን። ሽማግሌው ወደ ባንኮኒው ሊሄዱ ሲነሡ «ተራው የእኔ ነው» አልሁ። እንቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዐይኔን አዩና ተመልሰው ተቀመጡ። ለእርሳቸው ግማሽ ብርጭቆ ቢራ፥ ለእኔም ግማሽ ገዛሁ።

ገዢው መጥቶ ቁልፉን ተረከበ። ሽማግሌው ወደ ጀልባዋ ዘወር ብለው አላዩም። በመመለሻችን አውቶቡስ ውስጥም ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ሚስቴ የሃተንን በሮች ካንተ ፈጥና ነበር የምትከፍተው» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

የቀረውን የአንድ ወር ዕዳ በሦስት ወር ከፍዬ ጨረስሁ። ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ደመወዝ እቀበላለሁ፤ ከተቀበልሁም ዕለት ጥቂቱን ለይቼ ለማንም የማላበድረው ቦታ አስቀምጣለሁ። ወሩ ሲጋመስ ኪሴን እየዳበስሁ «ስንት ቮልት ቀርቶኛል?» ስል የሚሰሙ ባልደረቦቼ፥ ከውጭ አገር ትምህርት ያመጣሁት ቋንቋ ይመስላቸዋል።