ቢላዋና ኪኒን

ልቡ የደከመ ሰው ባለበት ቤት ዘመድ ሁሉ ዳኛ ነው። አንደኛው ወገን «ቢላዋ አይንካህ፣ በኪኒንህ ጽና» ሲል፣ ሌላው «ኦፕራሲዮን ሁንና ተገላገል» ይላል። ሁለቱም ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ፍቅር ብቻውን ሕክምና አይመርጥም።

ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም ሲረጭ፣ ለራሱ ጡንቻ የሚደርሰው ምግብ በጥቂት ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚመጣ ነው። እነዚህ ሲጠቡ ጡንቻው ይራባል፤ ይደክማል፤ ከፊሉም ይሞታል። ኦፕራሲዮኑ ከሌላ የአካል ክፍል በተወሰደ የደም ሥር የተዘጋውን ቦታ ዞሮ የሚያልፍ አዲስ መንገድ ያበጃል። አርጀንቲናዊው ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ፣ ከእግር በተወሰደ የደም ሥር ይህን ሠርቶ ስሙን አስጠራ። መድኃኒቱ በበኩሉ የልብን ሸክም ያቀልላል፤ ደምም በጠበበው ሥር ውስጥ እንዳይረጋ ይከላከላል።

ታዲያ የትኛው ይበልጣል? ይህን ለማወቅ በ22 አገሮች የሚገኙ 1,212 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የሁሉም ልብ ደካማ ነበር፤ ከያዘው ደም በአንድ ምት የሚገፋው ከመቶ 35 ወይም ከዚያ በታች ነው። ገሚሶቹ መድኃኒት ብቻ፣ ገሚሶቹ መድኃኒትና ኦፕራሲዮን ታዘዘላቸው። በመጀመሪያው ወር ሞት የበዛው ኦፕራሲዮን በታዘዘላቸው ዘንድ ነበር። በ2011 ውጤቱ ሲታተም በጠቅላላው የሞት ቍጥር ቁርጥ ያለ ልዩነት አልታየም። በ2016 የዐሥር ዓመቱ ሲታተም ግን፣ ከመድኃኒቱ ወገን ከመቶ 66፣ ከኦፕራሲዮኑ ወገን ከመቶ 59 ያህል ሞተው ተገኙ።

ይበልጥ ያስደነቀኝ በ2019 የታተመው ነው። ከወራት በኋላ የልብ ጉልበት ሲለካ፣ መሻሻል የታየው ጡንቻቸው ገና በሕይወት በነበረው ሕመምተኞች ላይ ነው፤ ኦፕራሲዮን ይሁኑ አይሁኑ ልዩነት አላመጣም። ኦፕራሲዮኑ ዕድሜ ጨመረ እንጂ ጉልበትን ከመድኃኒቱ አብልጦ አልመለሰም።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነህ ብሎ እንድፈርድለት ለጠየቀኝ ለእናቴ ወንድም ይህንኑ አነበብሁለት። ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ «ዐሥር ዓመት ማለት እኮ ለእኔ የመጨረሻዋን ልጄን መዳር ነው» አለ። በቍጥሩ ውስጥ ሰው እንዳለ ያን ጊዜ ታየኝ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «ቢላዋ ወይስ ኪኒን» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተጣመመ ነው። ኦፕራሲዮን የሆነም ሰው ኪኒኑን አይተውም። ሐኪሙን መጠየቅ የሚገባን፣ ይህ ሕመምተኛ የመጀመሪያውን ወር አደጋ ተሻግሮ የዐሥር ዓመቱን ትርፍ ለመቀበል ዕድሜውና አካሉ ይፈቅዱለት እንደ ሆነ ነው። ዘመድ ከመፍረዱ በፊት ይህን ቢጠይቅ፣ ታማሚው በሁለት ወገን ከመጎተት ያርፋል።