ከኮኪት ወደ ዲያኒ፦ እናቴ እንግዳ የሆነችበት ሳምንት

የሪሴፕሽኑ ወጣት የእናቴን ክንድ ይዞ ብርቱካናማ የፕላስቲክ አምባር ሲያስርላት፣ እሷ ወደኔ ዞር ብላ «ምን ታምሜ ነው?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይታ የምታውቀው ሆስፒታል ውስጥ፣ የልጅ ልጇ ሲወለድ ነው። «አልታመምሽም እማዬ፣ ይኼን ያሰረ ሰው የፈለገውን ይበላል፣ የፈለገውን ይጠጣል፤ ሒሳብ አይጠየቅም» አልኳት። ጥቂት አሰብ አድርጋ «ማን ጋብዞን?» አለች። ለዚህ ጥያቄ ስድስት ቀን ሙሉ ደህና መልስ አላገኘሁለትም።

ያለነው ኬንያ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ፣ ዲያኒ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ነው። ጊዜው ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.። እናቴ የመጣችው ከኮኪት ነው። አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ፣ ኮኪት ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ ሲወርዱ፣ ገንዳ ውኃን አልፈው ድንበሩ ሳይደርሱ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚመረትበት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት አገር ነው። እኔም ወንድሜም ተወልደን ያደግነው እዚያው ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ እሱ ካናዳ ከገባ 11 ዓመቱ።

የወንድሜን ሁለት ልጆች እናቴ የምታውቃቸው በስልክ መስታወት ብቻ ነበር። ትልቋ 6 ዓመቷ፣ ትንሹ 3 ዓመቱ። ወንድሜ ኮኪት ሊያመጣቸው በየዓመቱ ያስባል፤ በየዓመቱም የመንገዱ ወሬ ያስቀረዋል። ታገቱ፣ መንገድ ተዘጋ የሚለውን እየሰማ ሕፃን ይዞ የሚገባ አባት የለም፤ እኔም ና ብዬ ደፍሬ አላውቅም። በመጨረሻ «እናንተም ውጡ፣ እኛም እንምጣ፣ መሐል ላይ እንገናኝ» አለና ዲያኒን መረጠ። ለኛ ቪዛ አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ ሞምባሳ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። እናቴን ዘመድ አጅቦ ጎንደር አደረሳት፤ ከዚያ በአውሮፕላን እኔ ጋ መጣች። የሁለቱን ልጆቼን ፓስፖርት፣ የአባታቸውን የፈቃድ ወረቀትና የሁላችንንም የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ በአንድ ኮሮጆ አድርጌ አንገቴ ላይ አሰርኩ። እናቴ ደግሞ ጀበና በጋቢ ጠቅልላ፣ የተቆላና የተወቀጠ ቡና በጠርሙስ፣ ስድስት ሲኒ በካልሲ ውስጥ ይዛ ነበር። ልከለክላት አልደፈርኩም።

«ኦል ኢንክሉሲቭ» የሚሉት አሠራር ቀላል ነው፤ አልጋው፣ ምግቡ፣ መጠጡ፣ ጨዋታው ሁሉ በአንድ ክፍያ ቀድሞ ይከፈላል። ሐሳቡን በዓለም ያስፋፋው ክለብ ሜድ የተባለው ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ጄራር ብሊትዝ የተባለ ቤልጂየማዊ በስፔኗ ማዮርካ ደሴት ላይ በድንኳን ጀመረው። እዚያ እንኳ መጠጥ ለብቻው ይከፈልበት ነበር፤ ከኪስ ገንዘብ ማውጣት እንዳይኖር ግን ሰዉ አንገቱ ላይ ካጠለቀው ጨሌ እየቆጠረ ይከፍል ነበር አሉ። የዛሬው አምባር የዚያ ጨሌ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

ትንንሽ ልጆች ላሉት ወላጅ ነገሩ እውነትም እረፍት ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቼን ይዤ አንድ ቦታ ስወጣ የምናገረው ቃል «አይሆንም» ነው፤ ሁለተኛ ጭማቂ አይሆንም፣ ባሉኑ አይሆንም፣ ፈረሱ ላይ ድጋሚ አይሆንም። እዚህ ሁለት ቀን ሙሉ «አይሆንም» ሳልል ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን የ8 ዓመቱ ልጄ በአይስክሬምና በለስላሳ ሆዱ ተነፍቶ ሲያስመልስ አደረ። ልጅ «ሞልቷል» ሲባል እንጂ «ይበቃል» ሲባል እንደማይሰማ ረስቼው ነበር። ሌላም ልናገር፦ ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋያማው ወለል ይገለጣል፤ ልጆች እየሮጡ ይገቡበታል። እሾሃማ የባሕር ፍጥረት ስላለ ጫማ ሳያደርጉ ማስገባት አይገባም። ወባም አለ፤ አጎበሩን ግን ለቆላ ሰው ማንም አያስተምረውም። የመጀመሪያውን ማታ የአራቱንም ልጆች አጎበር ፍራሽ ሥር እያስገባች የወጠረችው እናቴ ናት።

ችግሩ ከአጎበሩ በኋላ የሚሠራ ነገር አለመኖሩ ነው። አልጋ ልታነጥፍ ስትነሳ ተነጥፎ ታገኘዋለች። ሰሃን ልታነሳ ስትል አስተናጋጁ ቀድሟት ያነሳዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ሲመጡ ይኼን አበላቸዋለሁ» ስትል የኖረች ሴት፣ የልጅ ልጆቿ ፊቷ ቁጭ ብለው የሚበሉትን ሌላ ሰው ያቀርብላቸዋል። የወንድሜ ልጅ ስትጎርስ እናቴ እጇን ትዘረጋና መልሳ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። የካናዳዋ ልጅ ጉርሻ አታውቅም፤ የመጀመሪያ ቀን ፊቷን ስታዞር ወንድሜ በእንግሊዝኛ ሊያስረዳት ሞከረ፣ ነገሩ የባሰ ሆነ። ማስረዳት የሚፈልግ ጉርሻ፣ ጉርሻ አይደለም።

በዚያ ላይ የነቢያት ጾም ነበር። ቡፌው ሃምሳ ሜትር ይሆናል፤ እናቴ ግን ዳቦና ፍራፍሬ ይዛ ትመለሳለች። አንድ ቀን ደስ የሚል የባቄላ ወጥ የመሰለ ነገር አይታ ቀረበች፣ ነጭ መረቁን ስታይ «ወተት አለው» ብላ ሸሸች። ወጥ ቤቱ ሰምቶ መጣ። የኮኮናት ወተት ነው ብሎ ሊያሳምናት ቢሞክር እምቢ አለች፤ ወተት ከዛፍ አይታለብማ። ከጓዳ አንድ ዝቅ ያለች በርጩማ አምጥቶ ተቀመጠባት፤ ከፊቷ ጥርስ ያለው ብረት ተሰክቶባታል። ኮኮናቱን እየፋቀ፣ ውኃ እያፈሰሰ፣ ጨምቆ ወተቱን አወጣላት። ከዚያ የበርጩማዋን ስም ሲነግረን «ምቡዚ» አለ፤ በስዋሂሊ ፍየል ማለት ነው። ይኼን ለእናቴ ሳልተረጉምላት ዋልኩ። ባቄላውን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በላች።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ከሁላችንም የተሻለች እሷ ሆነች። የመተማ ሰው የሱዳን ዓረብኛ ያውቃል፤ ገበያው ያስተምረዋል። ስዋሂሊ ደግሞ ከዓረብኛ ብዙ ቃል ወስዷል። እሷ «ሱከር» ስትል እነሱ «ሱካሪ» ብለው ስኳር ያመጣሉ፤ «ገሃዋ» ስትል «ካሃዋ» ይላሉ። ወንድሜ በካናዳ እንግሊዝኛው «ኤክስኪዩዝ ሚ» እያለ ሲጠብቅ የእናቴ ሻይ ደርሶ ይጠጣል። የሰዓት አቆጣጠራቸውማ ከእኛው ነው፤ ጧት ጸሐይ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያው ሰዓት እነሱም ዘንድ አንድ ነው። ስልኩ ሌላ፣ አፋቸው ሌላ። እናቴ ይኼን ያወቀች ዕለት «ታዲያ እነዚህ የኛው ሰዎች ናቸዋ» አለች።

ዛፍ ላይ ያሉትም የእኛው ነበሩ። ከምግብ አዳራሹ በላይ ረጅም ጭራቸውን አንጠልጥለው የተቀመጡ ጥቁርና ነጭ ዝንጀሮዎች አየን። አስጎብኚው «ኮሎበስ» ሲል እናቴ «ጉሬዛ!» ብላ ጮኸች። ዘራቸው ከእኛ ጉሬዛ ትንሽ ይለያል እንጂ የቅርብ ዘመድ ናቸው። ዲያኒ ውስጥ ዛፍ እየተመነጠረ መንገዱ መኖሪያቸውን ስለከፈለው፣ መኪና እንዳይገጫቸው ከአስፋልቱ በላይ የገመድ መሰላል ተዘርግቶላቸዋል። አራቱም ልጆች አንድ ጉሬዛ ልጇን ይዛ ስትሻገር ለማየት ግማሽ ቀን አንጋጠው ቆሙ። በነጻ ከተሰጣቸው ጨዋታ ሁሉ ይኼን አስበልጠዋል፤ እሱም በክፍያው ውስጥ አልነበረም።

እናቴ በሁለተኛው ቀን ለራሷ ሥራ አገኘች፤ መቁጠር። መዋኛው ገንዳ ዳር በነጠላዋ ተሸፍና ተቀምጣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ትላለች፤ ስትጨርስ እንደገና ትጀምራለች። ኮኪት ዙሪያ በበጋ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ፣ ክረምት ላይ ደጋ ሲዘንብ ድንገት ሞልቶ ይመጣል፤ እኛም ያደግነው እንደዚሁ እየተቆጠርን ነው። ነፍስ አድን ጠባቂ አለ ብንላት «እሱ የማንን ልጅ ያውቃል?» አለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ቆጠራው ሦስት ላይ ቆመ። ወንድሜ ውኃው ውስጥ ከነልብሱ ዘለለ፤ እኔ ጉልበቴ ከዳኝ። የ3 ዓመቱ ልጅ ከአይስክሬሙ ማሽን ጀርባ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሲልስ ተገኘ። እናቴ አልተቆጣችም፤ አቀፈችውና ፊቱን በነጠላዋ ጠረገችው። ልጁ ከዚያ በኋላ ከሷ አልተለየም። ምክንያቱን አላውቅም፤ ምናልባት ከሁላችንም ቀድማ መጥፋቱን ያወቀችው እሷ ስለሆነች ይሆናል።

ኬንያ ውስጥ የባሕር ዳርቻው የሕዝብ ነው። የሪዞርቱ ግቢ የሚያልቀው አሸዋው ላይ ነው፤ ድንበሩ ላይ ጥበቃ ቆሟል። ከእሱ ወዲያ ሻጮች አሉ፤ ካንጋ የሚባለውን ባለቀለም ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት ሴት፣ አጠገቧ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጇ። ልጆቻችን ከእሱ ጋር አሸዋ ሲቆፍሩ ዋሉ። ውኃ ሲጠማቸው አራቱ ወደ ግቢው ሮጡ፤ እሱ ተከተላቸው፤ ጥበቃው ክንዱን አይቶ መለሰው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሥራው ነው። የወንድሜ ልጅ ተመልሳ መጣችና አምባሯን ፈትታ ልታስርለት ታገለች። አምባሩ እንዳይወልቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። እያለቀሰች አባቷን ለምን ብላ ጠየቀችው፤ አባቷ ስለ ክፍያ ጀመረ።

እናቴ ምን እንደምትል ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «እሱ መግባት ካልቻለ እኛ መውጣት አያቅተን» አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች። በጋቢ የተጠቀለለውን ይዛ መጣች።

እናቴን ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አስታወስኳት፤ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ ሰዉ በመተማ በኩል እየተሻገረ ሲገባ፣ አንዲት እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር ቤታችን ሁለት ሌሊት አድራለች። ያኔም በስልክ የነገረችኝ ስለ ጦርነቱ አልነበረም፤ ልጆቹ ምን እንደበሉ ነበር።

ካንጋ ሻጯ ምሳዋን የምታበስልባት ትንሽ የከሰል ምድጃ አላት፤ «ጂኮ» ይሏታል። እናቴ በዓረብኛ «እህቴ» ብላ ጀመረች፤ ሴትየዋ ከፊሉ ገባት፣ ቀሪውን ጀበናው አስረዳ። ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጣጠሩ፤ እናቴ ጾሟን የምትፈታበት ሰዓት ነው። ወንድሜ ብቻ ሰዓቱን ወደ ስልኩ ሲመነዝር ተምታቶበት ዘግይቶ መጣ።

«መቁላቱ ቀረብን» እያለች አጉረመረመች እንጂ፣ ጀበናው ሲንተከተክ ከሽታው ሌሎች ሻጮችም ተጠጉ። የኔ ልጆች ከኪድስ ክለቡ ማሽን ፈንዲሻ በኩባያ እየሞሉ አመላለሱ፤ ጥበቃው አይቶ ወደ ባሕሩ ዞረ። ስድስቱ ሲኒ እየታጠበ ዞረ። አቦል ለጥበቃውም ተላከለት። ሴትየዋ የካሳቫ ጥብስ ዘርግታ ነበር፤ እናቴ አንዱን ቆርሳ ለልጇ አጎረሰችው፤ ልጁ ሳያቅማማ አፉን ከፈተ። የወንድሜ ልጅ ይኼን ቆማ አየች። ከዚያ መጥታ ከአያቷ ፊት ተንበረከከችና አፏን ከፈተች።

ሦስቱን ቀሪ ቀናት ከሰዓት በኋላ እዚያው ነበርን። ሪዞርቱን ከፍለንበት ግማሹን ቀን አልተጠቀምንበትም፤ ወንድሜ ይኼን ሲያስብ አሁንም ፊቱ ትንሽ ይከፋል።

በመጨረሻው ጧት ሪሴፕሽን ላይ አምባሮቹን በመቀስ ቆረጡልን። እናቴ ክንዷን እያሻሸች ለወጣቱ የምትነግረው ነገር ስላላት እንድተረጉምላት ጠየቀችኝ። ጎንደር ደርሶ ወደ መተማ የሚወርድ መኪና ይዞ፣ ኮኪት ሲደርስ የሷን ቤት ቢጠይቅ ሕፃን ሁሉ ያሳየዋል፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ ይምጣ፤ ልጆች ካሉት ይዟቸው ይምጣ። ወጣቱ ሳቀ፣ እንዴት እንደሚጻፍም ጠየቀኝ። ኮ፣ ኪ፣ ት አልኩት። እሱም በራሱ ፊደል ከተቆረጡት አምባሮች በአንዱ ጀርባ ላይ ጻፈው።