ለበረንዳዬ ወንበር ፍለጋ እስከ ጅማ

አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ ደጃፍ፣ ከጣራው ክፈፍ በታች፣ ወርዷ ከሦስት እርምጃ የማይበልጥ አንዲት በረንዳ አለችህን? ካለችህስ ምን አስቀምጠህባታል? ይህን መጠየቄ የሰው ቤት ለመመርመር ፈልጌ አይደለም። እኔ ራሴ በዚህች ትንሽ በምትመስል ነገር ተሳስቼ የሁለት ወር ደመወዜን ያህል ገንዘብ አጥፍቻለሁ፤ ከዚያም በላይ በአባቴ ፊት አፍሬአለሁ። አንተም በዚያው መንገድ እንዳትሄድ ብዬ የደረሰብኝን አጫውትሃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮሌጅ ወጥቼ በመምህርነት እንደ ተቀጠርሁ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ ሁለት ክፍልና የሲሚንቶ በረንዳ ያላት ቤት ተከራየሁ። እንደ ብዙዎቹ ወጣት ደመወዝተኞች፣ ቤት ሲባል በሐሳቤ የሚመጣው በሥዕል ያየሁት ነበር፤ ነጭ ቀለም የተቀባ የብረት ወንበር፣ ወፍራም ትራስ፣ በመካከሉም ባለመስታወት ጠረጴዛ። ይህንኑ የሚመስል ዕቃ ከአንድ ሱቅ በዱቤ ገዛሁ። የበጋው ወራት በደኅና አለፈ፤ ጓደኞቼም እየመጡ አደነቁልኝ። ሐምሌ ሲገባ ግን ዝናቡ በነፋስ እየተነዳ እስከ በሩ ድረስ ይመታ ጀመር። ትራሱ ውሃ ጠጥቶ ሻገተ፤ ብረቱም በብየዳው መገጣጠሚያ ሁሉ ዛገ።

በነሐሴ ወር አባቴ ዓይናቸውን ለመታከም ከደብረ ብርሃን ማዶ ካለው አገራችን መጡ። እኔም ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት ትራሱን ገልብጬ፣ ፎጣ አልብሼ፣ «አባባ፣ እዚህ ላይ አረፍ ይበሉ» አልኋቸው። እርሳቸው ግን ትራሱን በመዳፋቸው ጫን አድርገው አዩትና ጋቢያቸውን ሰብስበው ከበሩ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። «ተወው ልጄ፤ እርሱ ለእንግዳ ይሁን። እኔ እዚህ ይሻለኛል» አሉኝ። የገዛ አባቴ በልጃቸው ቤት ራሳቸውን ከእንግዳ በታች አድርገው በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ሲቀመጡ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ አባት ያለህ አንባቢ ታውቀዋለህ።

የመንፈቁ ዓመት ዕረፍት ሲደርስ የተረፈኝን ገንዘብ ይዤ ወደ ጅማ ለመሄድ ቈረጥሁ። ጅማ የቡና አገር መሆኗን ሁሉም ያውቃል፤ በእንጨት ሥራዋ የታወቀችውም ከዚያ ባልተናነሰ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከሩቅ ሲያዩት የሚለይ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሕ ሲቀድ በአውቶቡስ ተሳፍሬ ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፌ ወልቂጤ ደረስሁ። እስከዚህ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው አጨዳው ያለቀበት የጤፍ ማሳና የባሕር ዛፍ ተክል ነው። ከወልቂጤ ወዲያ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ኮት ያስወልቃል። ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ወደ ሰኮሩ ስንወጣ አየሩም ዛፉም ተለወጠ። ከአሰንዳቦ እስከ ሰርቦ ባለው አገር ቅጠለ ሰፊው ዋንዛ በየማሳው ድንበርና በየደጁ ቆሞ ይታያል። አንዳንዱም ከሥሩ ላለው ቡና ጥላ ይሆናል። ፍሬው ጣፋጭ ስለ ሆነ ልጆች ይለቅሙታል፤ ከግንዱ ደግሞ በርጩማ፣ ከበሮና ቀፎ ይሠራል።

ጅማ በደረስሁ ማግስት በመጀመሪያ የሄድሁት ወደ ገበያ አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚገኘውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ወጣሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ዓ.ም. ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ቤተ መንግሥታቸው በአብዛኛው የእንጨት ሥራ ሲሆን ባለ ፎቅና ባለ በረንዳ ነው። እዚያ ቆሜ፣ ይህን ያህል ዝናብ በሚዘንብበት አገር እንጨት ከመቶ ዓመት በላይ እንዴት ሊቈይ ቻለ እያልሁ ሳስብ ዓይኔ ወደ ጣራው ሄደ። የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ ዝናቡን ያርቃል። ከዚያ በኋላ የራሴ በረንዳ ታወሰችኝ። ክፈፏ አጭር ነው፤ ከፊል ወለሏ በክረምት ሁሌ እርጥብ ነው። ወንበር ከመግዛቴ በፊት ቀና ብዬ ጣራዬን አይቼ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በፊት ወደ ከተማው ተመልሼ በርጩማ ከሚሠሩ አንድ ጎልማሳ ባለሙያ ዘንድ ደረስሁ። ሰውየው በፍቅፋቂ መካከል ተቀምጠው በመሮ የበርጩማ ሆድ ይፈለፍላሉ። ከተደረደረው ሁሉ አንዱን፣ ደም የመሰለ ቡናማ ቀለም ያለውን፣ ብድግ አድርጌ «ጋሼ፣ ይህ ስንት ነው?» አልኋቸው። ዋጋውን ትተው በጥያቄ መለሱልኝ።

«በረንዳህን ዝናብ የሚመታው ከየት በኩል ነው?»

ነገርኋቸው።

«ወለሉስ የተስተካከለ ነው?»

«ሲሚንቶ ነው፤ ግን ወጣ ገባ አለው።»

«የሚቀመጥበት ማን ነው?»

«አባቴ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።»

መሮአቸውን አስቀመጡና «እንግዲያስ ይህን ለእርሳቸው አልሸጥልህም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የተማርሁትን በኮሌጅ አላገኘሁትም።

አስቀድመው ያስተማሩኝ እንጨት መምረጥን ነው። መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት በርጩማዎች በሁለት እጄ አስያዙኝ። እኔ የወደድሁት ያ ቀዩ ከሌላው ይልቅ ይከብድ ነበር። «የከበደህ ውሃው ነው» አሉ። ገና ያልደረቀ እንጨት ውጭው ቶሎ ሲደርቅ ውስጡ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ውጭው ሲኰማተር ውስጡ አልከተልም ስለሚል ይሰነጠቃል። ጅማ ከ1,700 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለች፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ እርጥብ አገር ናት። ከዚያ የተነሣ ጥሬ እንጨት ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለችው ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ የበጋውን ደረቅ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኝ ከገና እስከ ፋሲካ እንኳ አይቈይም። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ግንዱን በጥላ ሥር በዝግታ ያደርቃል። ሰውየው ቀዩን በርጩማ ሸጠው ገንዘቤን ቢወስዱ እኔ ጅማ ድረስ ተመልሼ እንደማልከሳቸው ያውቁ ነበር። ነገር ግን አልሸጡልኝም።

ቀጥሎ ያለው ነገር ሒሳብ አስተማሪውን እኔን ያሳፈረ ነው። በርጩማው ለምን ሦስት እግር እንደ ኖረው ጠየቅሁ። «አራት እግር ያለው በወጣ ገባ መሬት ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሦስቱ ግን ሁልጊዜ መሬት ይነካሉ» አሉኝ። ይህን እኔ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ በአንድ መስመር ላይ በማይውሉ በሦስት ነጥቦች አንድ ጠለል ብቻ ያልፋል እያልሁ። ተማሪዎቼ ይገለብጡታል፤ እኔም አርማለሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ግን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

«ታዲያ ለአባቴ ለምን አይሆንም?» አልሁ። ሰውየው ተነሡና «ተቀመጥበት» አሉኝ፤ ተቀመጥሁ። «አሁን እጅህን በምንም ላይ ሳታስደግፍ ተነሣ» አሉኝ። ጕልበቴ ከወገቤ በላይ ሆኖ ስለ ነበር ወደ ጎን ዘንበል ብዬ ልነሣ ስሞክር በርጩማው አብሮኝ ተጋደለ። ሦስት እግር መሬትን በደንብ ይነክሳል፤ ግን የሰውየው ክብደት ከሦስቱ እግሮች መካከል ከወጣ ይገለብጣል። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው በርጩማ ቡና ለምታፈላ ሴትና ለወጣት የተመቸ ነው። ጕልበቱ ለደከመ ሽማግሌ ግን ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ መቀመጫ፣ የጀርባ መደገፊያና ሲነሣ የሚጨብጠው ክንድ ያስፈልገዋል።

እኔ ደግሞ ከአንድ ግንድ የሚወጣ ባለመደገፊያ ወንበር እንዳለ አውቅ ነበርና ያን ጠየቅሁ። ባለሙያው ግን አልደገፉኝም። እንዲህ ያለውን ለማውጣት ከግንዱ የሚበዛው ፍቅፋቂ ሆኖ ይወድቃል፤ ዋንዛ ደግሞ እንደ ጥንቱ በየጫካው የሚቈረጥ ዛፍ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቍረጥን ከልክሎ ነበር። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የዋንዛ ዕቃ ስትገዛ ግንዱ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ አትፈር። የእኔ ባለሙያ ከገበሬ ደጅ የገዙት መሆኑን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። በመጨረሻም አራት እግር ያለው ወንበር፣ ያለ ምስማር፣ የአንዱን እንጨት ጫፍ በሌላው ቀዳዳ እያስገቡ ሊሠሩልኝ ተስማማን። በውጭ የሚቀመጥ እንጨት በዝናብ ይነፋል፣ በፀሐይ ይኰማተራል፤ ምስማር ግን አብሮት ስለማይላወስ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ ዝጎም እንጨቱን ያበላሻል።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። እኔም ሦስቱን ቀን እዚያው ዋልሁ። ለዙሁር ሶላት ሲሄዱ ሱቁን ለእኔ አደራ እየሰጡ ነበር የሚሄዱት፤ አንድ ቀን እንዲያውም አንድ በርጩማ ሸጬ ጠበቅኋቸው። ወንበሩ ሲያልቅ ባለሙያው በአንድ እጃቸው ከመሬት አነሡትና «አባትህ እንዲህ ካላነሡት ወንበር አይደለም፤ ሐውልት ነው» አሉ። ይህን አባባል ያኔ ለጨዋታ ቈጠርሁት።

ሦስት በርጩማና አንድ ወንበር በአውቶቡሱ ጣራ ላይ አስጭኜ ተመለስሁ። የከፈልሁት የዚያን የብረት ወንበር ግማሽ አልሞላም። ቤት እንደ ደረስሁ አራት እግሩ ወንበር በወጣ ገባው ሲሚንቶ ላይ እንደ ተነገረኝ ተንቀጠቀጠ፤ በመጋዝ አንዱን እግር በጣት ውፍረት ያህል አሳጥሬ አስተካከልሁት።

ምናልባት አንተ ጅማ መሄድ አይመችህ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ ለደጅ የሚሆን መቀመጫ ስትመርጥ ይህን አስብ። ፕላስቲክ ርካሽና ቀላል ነው፤ ግን ፀሐይ ሲበዛበት ይደርቅና ድንገት ይሰበራል። ቀርከሃ ያማረና ቀላል ነው፤ ግን ነቀዝ ይወደዋል፣ ፀሐይም ይሰነጥቀዋል። ብረት ከወደድህ ብየዳውን መርምር፤ ቀለሙንም ክረምት ከመግባቱ በፊት አድስ። እንጨት ከሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ የተልባ ዘይት በስሱ ቀባው፤ እግሩም የቆመ ውሃ ውስጥ አይዋል፤ እንጨት ውሃን አብዝቶ የሚጠጣው በእግሩ ጫፍ ነውና። ዘይቱን የቀባህበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለህ አትጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይግላል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተህ በውጭ አድርቀው።

አባቴ በግንቦት መጡ። ወንበሩን ሲያዩ በከዘራቸው እግሩን መታ መታ አደረጉና «ዋንዛ ነው» አሉ። «የእርስዎ ነው» አልኋቸው። ምንም ሳይመልሱ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን አስደገፉ፤ ክንዱንም በሁለት እጃቸው ያዙ። ቡና እስኪፈላ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቈዩ። እኔም ዕዳዬን የከፈልሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳዋ ባዶ ነበረች። ወንበሩም፣ አንዱ በርጩማም፣ አባቴም የሉም። ደንግጬ ወደ ግቢው በር ስሮጥ ከውጭ ሳቅ ሰማሁ። አባቴ ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው ከአጥሩ ጥላ ሥር አስቀምጠዋል። የጎረቤታችን አዛውንት በበርጩማው ላይ ተቀምጠው ያጫውቷቸዋል፤ አላፊ አግዳሚውም ጎንበስ እያለ እጅ ይነሣቸዋል። ልክ በአገር ቤት ከቤታችን ደጅ ባለው የጭቃ መደብ ላይ ተቀምጠው እንደሚውሉት ነው።

«አባባ፣ በረንዳው አልተመቸዎትም?» አልኋቸው።

«በረንዳህ መልካም ነው ልጄ» አሉኝ። «ግን ከዚያ ሆኜ ሰው አይታየኝም።»

የጣራውን ክፈፍ ለክቻለሁ፤ የወለሉን ወጣ ገባ፣ የመቀመጫውን ቁመት፣ የእንጨቱን ድርቀት ሁሉ አስቤአለሁ። አባቴ ማንን እያዩ መቀመጥ እንደሚወዱ ግን አልጠየቅኋቸውም ነበር። ያም ሆኖ ወንበሩ በአንድ እጅ የሚነሣ ሆኖ ስለ ተሠራ የእኔን ስሕተት እርሳቸው በራሳቸው አረሙት።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፤ ለበረንዳህ ወንበር ለመግዛት ስትወጣ ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት በአንድ እጅህ ከመሬት አንሣው።